ፕሪንተሩ የሚያውቀው ስም

ቁጣዬ ቶሎ የሚነሳ፣ ቶሎ የማይበርድ ሰው ነኝ። ሰቆጣ ውስጥ ሕፃናት ሳስተምር በኖርኩባቸው ዓመታት ክፍል ውስጥ ድምፄን ከፍ አድርጌ አላውቅም፤ ቤቴ ስገባ ግን ዕቃ ላይ እጮሃለሁ። ባለቤቴ «ከግዑዝ ጋር የተጣላን ሰው ማን ያስታርቀዋል?» እያለች ትስቅብኛለች። የዚያን ሰሞን የተጣላሁት ከዋይፋዩ ጋር ነበር።

አሮጌው ራውተር የተሰቀለው መንገድ ዳር ባለው ክፍል ግድግዳ ላይ ነው። እኔ ወደምሠራበት ጓዳ በቅጡ አይደርስም፤ ከአጥሩ ውጭ ግን እንደ ልብ ይሠራል። ባለቤቴ ፓስወርዱን ለጠየቃት ሁሉ ትሰጣለች። ለእሷ ዋይፋይ መከልከል እሳት ሊጭር የመጣን ጎረቤት ባዶ እጁን እንደመመለስ ነው። ስለዚህ ከሰዓት በኋላ የሰፈሩ ጎረምሶች አጥራችንን ተደግፈው ኳስ ያያሉ፤ እኔ አንድ የመልመጃ ወረቀት ከኢንተርኔት ለማውረድ ግማሽ ሰዓት እጠብቃለሁ።

ጎረቤታችንን ከእነዚህ ጋር መቁጠር አልነበረብኝም። ከደሃና ወረዳ መጥተው አጠገባችን ቤት የተከራዩ፣ ዕድሜያቸው ከእናቴ የማያንስ ሴት ናቸው። እማማ እንላቸዋለን። አንዲት ልጃቸው ዐረብ አገር ሰው ቤት ትሠራለች። አሠሪዎቿ ስልክ እንድትይዝ የሚፈቅዱላት ዓርብ ከሰዓት ብቻ ነው፤ የምትደውለውም በኢንተርኔት ነው። እማማ ደግሞ ከእኛ ዋይፋይ በቀር ሌላ ኢንተርኔት የላቸውም። ዓርብ ዓርብ ነጠላቸውን ተከናንበው አጥራችን ሥር ካለው ድንጋይ ላይ ይቀመጡና ስልኩን በሁለት እጃቸው ይዘው ይጠብቃሉ። ይግቡ ብንላቸው አይገቡም፤ ሰው ያስቸገሩ ይመስላቸዋል። ልጅቱ ስትደውል በኽምጣኛ ያወራሉ። የእናቴ ቋንቋ ስለሆነ እሰማዋለሁ። ወሬያቸው ባብዛኛው ስለ ዝናቡ፣ ስለ ላሟ፣ ልጅቱ ምን እንደበላች ነው።

አንድ ሰኞ አዲስ ራውተር ገዝቼ ገባሁ። ጓዳዬ ውስጥ ተከልኩት፤ አሮጌውን ነቅዬ ሳጥን ውስጥ ከተትኩት። አዲስ ስምና አዲስ ፓስወርድ አወጣሁለትና ለማንም እንዳትሰጥ ባለቤቴን አስጠነቀቅኳት።

«ለእማማስ?» አለችኝ።

«ለአንድ ሰው ከሰጠሁ ለሰፈሩ ሰጠሁ ማለት ነው።»

ኢንተርኔቱ በረረ፤ ያን ቀን ደስ ብሎኝ ዋልኩ።

በማግስቱ ፕሪንተሩ እምቢ አለ። ያለ ገመድ፣ በዋይፋይ ነው የሚታዘዘው። ላፕቶፑ ላይ ሳዘው «ፕሪንተሩ አልተገኘም» ይለኛል፤ እሱ ግን መብራቱን አብርቶ አፍንጫዬ ሥር ተቀምጧል። አጥፍቼ አበራሁት። ወረቀቱን አውጥቼ አራግፌ መለስኩት፣ ቀለሙን ነቅዬ ነቀነቅኩት፣ ከላፕቶፑ ላይ ሰርዤ እንደ አዲስ ላስገባው ሞከርኩ። ወይ ፍንክች። አዲሱን ፓስወርድ በራሱ በፕሪንተሩ ላይ እንዳልጽፍለት ትንሿ ስክሪኑ ከወደቀ ወዲህ ጨልማለች። በገመድ እንዳላያይዘው ገመዱን አይጥ ቆርጥሞታል፤ ሱቆቹን ብዞርም የሚገጥመው አጣሁ። በየቀኑ ከትምህርት ቤት ስመለስ ትንሽ እታገለውና በጥፊ መትቼው እተወዋለሁ። ለልጆቹ መልመጃውን ሰሌዳ ላይ እየጻፍኩ ማስገልበጥ ጀመርኩ።

ዓርብ መጣ። እማማ ቦታቸው ላይ ተቀመጡ። በመስኮት አየኋቸው። ስልኩን ወደ ላይ ያነሱታል፣ ወደ ጎን ያዞሩታል፣ በነጠላቸው ጫፍ ይወለውሉታል። ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ ቆዩና ተነስተው ሄዱ። ምን እንደገጠማቸው አላወቅኩም ብል ውሸት ነው። ወጥቼ ፓስወርዱን ስልካቸው ላይ ብጽፍላቸው ሁለት ደቂቃ አይፈጅም ነበር። ግን ጎረምሶቹም እዚያው ቆመው ነበር፤ ለእሳቸው ስሰጥ ካዩ እነሱም ይጠይቁኛል ብዬ እልኬን ያዝኩ።

አፈርኩ። ስላፈርኩም ከዚያ ቀን ጀምሮ እሳቸውን ላለማግኘት በላይኛው መንገድ እሄድ ጀመር። ድንገት ስንገናኝ ጎንበስ ብዬ «እንደምን ዋሉ» እልና ዓይናቸውን ሳላይ አልፋለሁ። ድሮ ቆሜ ስለ ልጅቱ እጠይቃቸው ነበር። ባለቤቴም ዝም በይ ስላልኳት እሳቸውን ስታይ ታቀረቅር ጀመር።

በሳምንቱ ዓርብ የባለቤቴ ታናሽ ወንድም የፕሪንተሩን ነገር ከእህቱ ሰምቶ ደወለልኝ። ኮምቦልቻ ውስጥ ኮምፒውተር ይጠግናል። የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርጌ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት።

«ጋሼ፣ ለአዲሱ ራውተር ምን የሚል ስም ሰጡት?»

ነገርኩት።

«የድሮው ስምስ ይኸው ነበር?»

«አይደለም። ሆን ብዬ ነው የቀየርኩት።»

«እንግዲያው ፕሪንተሩ ምንም አልሆነም። የሚፈልገው የድሮውን ስም ነው፤ ሌላ አያውቅም። አዲሱ ላይ የድሮውን ስምና የድሮውን ፓስወርድ አንድ ፊደል ሳያጎድሉ ይጻፉበት፤ ራሱ ይገባል።»

«እንደዚያ ካደረግኩማ የሰፈሩ ስልክ ሁሉ ይገባል።»

«ይገባላ» አለኝ እየሳቀ።

ቀና ስል እማማ በራችን ላይ ቆመዋል። ስንለምናቸው እንኳ የማይገቡት ሴት ሳይጠሩ መጡ። ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ለብሰዋል። ስልኩን ዘጋሁት።

«መምህር» አሉኝ፣ «ቁርጡን ንገረኝ። ልጄ አርፋለች?»

ከወንበሬ ተነሳሁ።

«ሁላችሁም ሰምታችኋል፤ ያልተነገረኝ ለእኔ ነው። እችለዋለሁ። ሽማግሌ እስኪሰበሰብ አታቆዩኝ።»

እኛ ዘንድ መርዶ ከሩቅ ሲመጣ መጀመሪያ ጎረቤት ይሰማና ይደብቃል። ሽማግሌዎች ቀን ቆርጠው በማለዳ ሄደው እስኪያረዱ ድረስ ሁሉም ከሐዘንተኛው ዓይን ይሸሻል። ሩቅ አገር ሰው ያለው ሁሉ ይህን ስለሚያውቅ ወሬ ሲጠፋበት የጎረቤቱን ፊት ያነባል። የእማማ ስልክ ጸጥ ብሏል፤ እኔ መንገድ ቀይሬያለሁ፤ ባለቤቴ ታቀረቅራለች። ታዲያ ሌላ ምን ያስቡ?

«ይቀመጡ፣ እማማ» አልኳቸው። ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው የገባኝ፤ መርዶ ነጋሪም መጀመሪያ የሚለው ይህንኑ ነው። በሩ ሥር መሬት ላይ ቁጭ አሉ።

«የሰማሁት ነገር የለም። እግዚአብሔርን፣ የለም።»

አላመኑኝም። መርዶ የደበቀ ሰውም ሲጠየቅ እንዲሁ ይምላል። በአፍ እንደማላሳምናቸው ሳይ ወደ ላፕቶፑ ዞርኩ። የአዲሱን ራውተር ስም አጠፋሁና የድሮውን ስም፣ የድሮውን ፓስወርድ ጻፍኩበት። ሁለቴ ተሳሳትኩ። የራውተሩ መብራት ጠፋ፤ ተመልሶ እስኪበራ ያለው ጊዜ ረዘመብኝ።

መጀመሪያ የነቃው ፕሪንተሩ ነው። አጉረመረመና፣ ተናድጄ ደጋግሜ ያዘዝኩትን ያንኑ አንድ የመልመጃ ገጽ እያከታተለ ይተፋ ጀመር። ያን ጊዜ የእማማ ስልክ ጮኸ። ደግሞ ጮኸ። ሳይደርሱ የቆዩ የድምፅ መልእክቶች ነበሩ። እሳቸው ለመንካት ስለፈሩ ተንበርክኬ ከፈትኩላቸው። የልጅቱ ድምፅ በኽምጣኛ ወጣ። «እናቴ፣ ምነው ጠፋሽ? አሞሽ ነው?» ይህ ያለፈው ዓርብ ነው። ሁለተኛው የዛሬ ነበር፤ እያለቀሰች ነው የምትናገረው። «ዛሬም ካልመለስሽልኝ ሞተሽ ደብቀውኛል ማለት ነው።»

እማማ ስልኩን ደረታቸው ላይ ለጥፈው አለቀሱ። እኔም አለቀስኩ። ከዚያ፣ ሌላ ሰው ሳይነግራቸው ልንገራቸው ብዬ «መስመሩ አልተበላሸም ነበር» አልኳቸው። «እኔ ነኝ የዘጋሁት። ጎረምሶቹን ላስወጣ ብዬ ነው። እርስዎ እንደተቸገሩም አውቅ ነበር።»

ፕሪንተሩ ወረቀት ጨርሶ ቆመ።

«መስመርማ ይጠፋል» አሉኝ በመጨረሻ። «ስንት ጊዜ ጠፍቶብን ኖረናል። እሱን ቁጭ ብዬ እጠብቀዋለሁ። አንተ ፊትህን ስታዞርብኝ ነው ልጄን የቀበርኳት።»

ይቅር ይበሉኝ አልኳቸው፤ ቃሉ አነሰብኝ። ይቅር ብያለሁም፣ አላልኩምም አላሉኝ። እንድደውልላቸው ስልኩን ዘረጉልኝ። ደወልኩ። ልጅቱ ወዲያው አነሳችው፤ ምን ሆነሽ ነው፣ ማን ከለከለሽ እያለች ስትጮህ እኔ ድረስ ይሰማል። እማማ ቀና ብለው አዩኝ። ኽምጣኛ እንደምሰማ ያውቃሉ።

«ምንም አልሆንኩ፣ ልጄ። መስመር ጠፍቶ ነው» አሏት። «መምህሩ ነው ያስተካከለልኝ።»