«ልጄ ኮሌጅ ናት»

ሴትዮዋን የሚያውቋት ሁሉ «ደወል» ነው የሚሏት። ስሙን ያወጡላት የድሮ ተማሪዎቿ ናቸው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ኬሚስትሪ ስታስተምር አንድ ቀን አርፍዳ አታውቅም፤ ደወሉ ሲደወል እሷ በሩ ላይ ናት። ገብታ ስም ትጠራለች፤ የቀረ ካለ ደግሞ ከሰዓት በኋላ ቤቱ ድረስ ሄዳ ታንኳኳለች። «ልጅሽ ዛሬ ምን ሆኖ ነው የቀረው?» ብላ እናትየዋን ታፋጥጣታለች። ልጆቹ ያኔ ሲሰድቧት ይውሉ ነበር። ካደጉ በኋላ ግን መንገድ ላይ ሲያገኟት አቅፈው አይለቋትም።

እንግዲህ ይህችን ሴት ነው አንሥተው የስድስት ትምህርት ቤቶች የበላይ ኃላፊ ያደረጓት። ትምህርት ቤቶቹ እንደ ሌላው አይደሉም። የራሳቸው ግቢ የላቸውም፤ ስድስቱም በስድስት ኮሌጆች ግቢ ውስጥ፣ በልመና በተገኙ ክፍሎች የተከፈቱ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ናቸው። ዘጠነኛና አሥረኛ ክፍል ያሉት በራሳቸው መምህራን ይማራሉ። አሥራ አንደኛ ሲደርሱ ከሰኞ እስከ ሐሙስ ከኮሌጅ ተማሪዎች ጋር ተቀላቅለው የኮሌጅ ትምህርት ይወስዳሉ፤ ወደ ራሳቸው ክፍል የሚመለሱት አርብ ብቻ ነው። እንደዚህ አድርገው ሲጨርሱ የኮሌጁን አንደኛ ዓመት በነፃ ጨርሰው ይወጣሉ። ለደሃ ልጅ ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ ወላጅ ልጁን እዚያ ለማስገባት የማይጠናው ደጅ የለም።

የሷ ሥራስ ምን ነበር ብትሉኝ፣ ማባበል ነበር። አንዱ ዲን ቤተ ሙከራውን ይከለክላታል። ሌላው የመጸዳጃ ቤቱን ቁልፍ ይዞ ይጠፋል። ሦስተኛው «የእናንተ ልጆች ኮሪደር ላይ ይጮኻሉ» ብሎ ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ ይልካል። እሷ ስድስቱንም ስታባብል ውላ፣ እግሯ አብጦ ቤቷ ትገባለች። ባሏ «አንቺን ነው ያስተዳደሩሽ እንጂ አንቺ መቼ አስተዳደርሽ!» እያለ ይስቅባታል።

አንድ ነገር ግን ከሁሉ በላይ ያስቸግራት ነበር። የኮሌጅ መምህር ስም አይጠራም። ሁለት መቶ ሰው ፊት ቆሞ አስተምሮ ይወጣል፤ የመጣ መጣ፣ የቀረ ቀረ። ለሷ ትምህርት ቤቶች ደግሞ የተማሪ መገኘት በየቀኑ መመዝገቡ ግዴታ ነው። ምን ይደረግ? ራሷ መላ መታች። ልጁ በፕሮግራሙ መሠረት ኮሌጅ ክፍል መሆን ባለበት ቀን፣ መዝገቡ ላይ «ኮ» ተብሎ ይጻፍለት አለች። «ኮ» ማለት ኮሌጅ ነው ያለው ማለት ነው፤ እንደ ተገኘም ይቆጠራል። ስድስቱም ርዕሳነ መምህራን አጨበጨቡላት። የተማሪው መገኘት ባንድ ጊዜ ዘጠና ስምንት ከመቶ ገባ። አይ እሷ! ስም ጠርታ ያረጀች ሴት፣ ያንን ስታደርግ ቅር እንኳ አላላትም።

አንድ ረቡዕ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ጸሐፊዋ በሩን ገፋ አደረገችና «እትዬ፣ አንድ አባት መጥተዋል፤ ቀጠሮ የላቸውም፣ ግን ደህና አይመስሉም» አለቻት።

ሰውየው ገባ። የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነው፤ የሥራ ልብሱን እንደ ለበሰ ነው የመጣው፤ ቁልፎቹ ከሱሪው ቀበቶ ላይ ተንጠልጥለዋል። ቁጭ በል ቢሉት አልቀመጥ አለ። ከደብተር የተቀደደች ወረቀት ዘረጋላት። «ትራሷ ሥር አገኘኋት። ደብተሯን ረስታ ይሆናል ብዬ ልፈልግላት ስገባ…» አላት።

ወረቀቷ ላይ ያለው ሦስት መስመር ነው። «አባዬ፣ ይቅር በለኝ። ትምህርቱ አልሆነልኝም። አትፈልገኝ።»

ሴትዮዋ ፈራች። ግን ሹመት ክፉ ነገር ነው፤ ሰው ፊት መፍራት አይፈቅድም። «ቆይ፣ ይረጋጉ ወንድሜ» አለችና ኮምፒውተሯን ከፈተች። የልጅቷን ትምህርት ቤት፣ ክፍሏን፣ ከዚያ ስሟን አወጣች። ከስሟ ጎን ያለው ፎቶ ዘጠነኛ ክፍል ስትገባ የተነሣችው ነው፤ ጉንጯ ሞላ ያለ፣ ጥርሷን አሳይታ የምትስቅ ልጅ ናት። የዛሬውን ቀን ተመለከተች፤ «ኮ» ይላል። ትላንትም «ኮ»፣ ከትላንት ወዲያም «ኮ»። አንድ ቀን የተዛነፈ የለም።

«ይኸው!» አለች አፏን ሞልታ። «ልጅዎ ዛሬ ክፍል ገብታለች። ይመልከቱ እንጂ። ልጆች በዚህ ዕድሜያቸው ይከፋቸዋል፣ ይጽፋሉ፤ ከዚያ ይረሱታል።»

«ገብታለች?»

«ገብታለች።»

ሹፌሩ ወንበሩ ላይ ዘጭ አለ። «ተመስገን! ተመስገን!» እያለ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ጸሐፊዋ ውሃ ሰጠችው፤ በጥድፊያ ሲጠጣው ግማሹ ደረቱ ላይ ፈሰሰ። ሴትዮዋም ሰው አረጋጋሁ ብላ ደስ አላት። ለማረጋገጥ ያህል ብቻ ለልጅቷ ርዕሰ መምህር ደወለችና «በፕሮግራሙ አሁን ካለችበት ከሂሳብ ክፍል አስጠርተህ ከአባቷ ጋር በስልክ አገናኝልኝ» አለችው።

ከሃያ ደቂቃ በኋላ ስልኩ ጮኸ። ርዕሰ መምህሩ ያለከልካል።

«እትዬ፣ የለችም።»

«እንዴት የለችም? መዝገቡ ‹ኮ› ይላል እኮ!»

«እሱማ…» አለ ርዕሰ መምህሩ፣ መናገር እየፈራ። «እሱን እኮ ሰኞ ጠዋት ነው የምንሞላው።»

«የዛሬውን?»

«የሳምንቱን። ፕሮግራሙ ስለማይለወጥ ሰኞ ጠዋት የአራቱን ቀን አንድ ላይ እንሞላዋለን። ሁሉም ትምህርት ቤት እንደዚያ ነው የሚሠራው፣ እትዬ። የሚያውቁ መስሎኝ ነበር። ደግሞ አጠገቧ የሚቀመጡትን ጠይቄ፣ ሂሳብ ክፍል ካየናት ሦስተኛ ሳምንቷ ነው አሉኝ። አርብ አርብ ግን እኛ ጋ ትመጣለች፤ ምኗም አያስታውቅም።»

ሴትዮዋ ክው አለች። እንደ እውነቱ ከሆነ መጀመሪያ የመጣባት ልጅቷ አልነበረችም፤ በማግስቱ ለቦርዱ የምታቀርበው ሪፖርት ነው፤ ያ ዘጠና ስምንት ከመቶ። ወዲያው ራሷን ጠላች። ቀና ስትል ሹፌሩ ቆሞ ያያታል። ከፊቷ ላይ ሁሉንም አንብቦታል።

«ቅድም ገብታለች አላሉኝም?»

ግማሽ ሰዓት። ሰውየው ልጁን ሊፈልግበት የሚችለውን ግማሽ ሰዓት ውሃ አጠጥታ አስቀምጣዋለች።

ሹፌሩ አውቶቡሱን በር ላይ አቁሞት ነበር። ተሳፋሪዎቹን ቀድሞ አውርዷቸዋል። ስድሳ ሰው በሚጭን ባዶ መኪና ሁለቱ ብቻ ወደ ልጅቷ ኮሌጅ ሄዱ። እሷ መቀመጥ አቅቷት፣ ከኋላው ብረቱን ይዛ ቆማ፣ በየመታጠፊያው ወዲያና ወዲህ ትላተም ነበር። ፌርማታ ላይ የቆሙ ሰዎች እጃቸውን ያነሣሉ፤ እሱ ጥሷቸው ያልፋል። አንዴ ብቻ፣ ለራሱ ይመስላል፣ «ቁርሷን እንኳ አልበላችም» አለ።

የኮሌጁ ግቢ ሰፊ ነው። ሴትዮዋ ብዙ ጊዜ መጥታበታለች፤ ግን የምታውቀው የዲኑን ቢሮና የስብሰባ አዳራሹን ነው። ያን ቀን ግን ሌላ ሌላው ሁሉ ታያት። ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ግንባታው የተቋረጠ አምስት ፎቅ ቆሟል፤ መስኮትም የለው፣ የደረጃ መደገፊያም የለው። ከእርሻ ትምህርት ክፍሉ በታች ደግሞ ጥልቅ የውሃ ማጠራቀሚያ አለ፤ አጥሩ ሦስት ቦታ ተቀዷል። ኧረ ይህን ሁሉ ማን ልጆች በሚውሉበት ቦታ አስቀመጠው!

ርዕሰ መምህሩን ወደ ፎቁ ላከችው። አባትየው ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ሮጠ። ወደ ውሃው የሄደችው ራሷ ናት፤ ሌላ ሰው መላክ አልቻለችም። ተረከዘ ረጅም ጫማዋን አውልቃ በእጇ ይዛ፣ በካልሲ ቁልቁል ወረደች። ውሃው አረንጓዴ ነው፣ ጸጥ ብሏል። ዳር ላይ አንዲት የሴት ነጠላ ጫማ ተንሳፍፋለች። ባየቻት ጊዜ ዓይኗ ጨለመባት፤ የምትይዘው አጥታ አጥሩን ጨበጠች፤ ሽቦው መዳፏን ቀደደው።

«እሷ ጫማ አምና ነው የወደቀችው» አለ ከኋላዋ አንድ አትክልተኛ፣ ቱቦ እየጠቀለለ። «ምነው፣ የርስዎ ናት?»

ልትስቅ ይሁን ልትጮህ አላወቀችም።

ከዚያ የቀራት አንድ ቦታ ነው። የግቢው ክሊኒክ። አንድ ሰው የሆነ ነገር ከሆነ መጀመሪያ የሚወስዱት እዚያ ነው። ወደ ክሊኒኩ ስትሄድ ባትደርስ በወደደች። ክፉ ነገር እስካልሰማች ድረስ ልጅቷ ደህና ናት፤ እንደዚያ ነበር ያሰበችው። ካርድ ክፍሉ መስኮት ላይ ደረሰችና፣ በደም የተነካካ እጇን ጠረጴዛው ላይ አድርጋ፣ «ዛሬ… የተጎዳች ልጅ መጥታለች?» አለች።

ካርድ አውጪዋ መዝገቧን ገለጠች። ገጹን በጣቷ ስትወርድ ዓመት የሆነ መሰላት።

«አልመጣችም። ጉንፋን ብቻ ነው። እጅዎን ግን ይታዩ፤ ይቀመጡና ተራዎን ይጠብቁ።»

አግዳሚው ወንበር ላይ ተንዘፍዝፋ ተቀመጠች። እዚያው፣ ተራ በሚጠብቀው ሰው መሃል፣ እንደ ሕፃን አለቀሰች። ሰው ዘወር ብሎ አያት፣ ከዚያ ተዋት።

«ቲቸር፣ ውሃ ላምጣልዎት?»

አጠገቧ የተቀመጠች ቀጭን ልጅ ናት። አምጥታ ሰጠቻት። ጠጣች።

«እግዜር ይስጥሽ፣ የኔ ልጅ። አንቺስ ምንሽን አሞሽ ነው?»

«ደህና ነኝ።»

«ታዲያ ምን ትጠብቂያለሽ?»

«ምንም። እዚህ ሲቀመጡ የሚጠይቅ ሰው የለም፤ ተራ የምጠብቅ ይመስላቸዋል።»

ሴትዮዋ ያኔ ነው ዞር ብላ በደንብ ያየቻት። ልጅቷ ጭን ላይ አብጦ ዚፑ አልዘጋ ያለ ቦርሳ አለ፤ በክፍቱ የዩኒፎርም ሹራብ እጅጌ ወጥቷል። ያ የሞላ ጉንጭ የለም፣ ያ ሳቅ የለም። በስድስቱ ትምህርት ቤቶች ያለ ልጅ ሁሉ የኔ ነው እያለች በየስብሰባው የምትምለው ሴት፣ አጠገቧ ተቀምጣ ውሃ ያጠጣቻትን ልጅ አላወቀቻትም።

«የሹፌሩ ልጅ ነሽ?»

ልጅቷ ፊቷ አመድ መሰለ። «አባዬ መጥቷል?»

ሴትዮዋ አፈፍ አድርጋ አቀፈቻት። በጥፊ ልታጮላትም፣ ልትስማትም እኩል አማራት። «ወዴት ልትሄጂ ነበር?» ብትላት፣ ልጅቷ ቦርሳዋን እያየች «አላውቅም» አለች። ይሄ «አላውቅም» ከሁሉ የባሰ አስፈራት።

ነገሩ ቀስ እያለ ከልጅቷ ወጣ። በመጀመሪያው የሂሳብ ፈተና ሠላሳ አንድ ከመቶ አግኝታለች። ከአርባ በታች ያገኛችሁ ቢሮዬ ኑ ብሎ ነበር መምህሩ። ሦስት ቀን በሩ ላይ ቆማ ማንኳኳት አቃታት።

«ለክፍል ኃላፊሽስ?»

«የቀረሁ ቀን ይጠሩኛል፣ ያኔ እነግራቸዋለሁ ብዬ ነበር። አልጠሩኝም። በማግስቱም አልጠሩኝም። እርስዎም የመጀመሪያው ቀን ነግረውን ነበር እኮ፤ ከዛሬ ጀምሮ የኮሌጅ ሰው ናችሁ፣ ስም የሚጠራችሁ የለም ብለው። አባዬ ደግሞ ለተሳፋሪው ሁሉ ‹ልጄ ኮሌጅ ናት› እያለ ነው የሚያወራው። ምን ብዬ ልንገረው?»

ወቀሳ አልነበረበትም። የሆነውን ነው የተናገረችው።

አባትየው ተጠርቶ መጣ፤ ልጁን ሲያያት አልተቆጣም፣ አልጮኸም። ራሷን ደረቱ ላይ ደፍቶ አቅፎ ያዛት። ከዚያ ወደ ሴትዮዋ ዞሮ ጉልበቷን ሊስም ጎንበስ አለ። «እርስዎ ባይኖሩ ምን እሆን ነበር! ልጄን መለሱልኝ!»

ዝም ብትል ማንም አያውቅም ነበር። ዝም ለማለትም አሰበች፤ እዋሻችኋለሁ እንዴ፣ አሰበች። ሥራዋ አለ፣ ጡረታዋ አለ፣ የነገው ቦርድ አለ። ግን ሰውየው እግሯ ሥር ነው። «ይነሡ» አለች፣ ክንዱን ይዛ እየጎተተች። «ይነሡ፣ እባክዎ። ልጅዎን የደበቅኋት እኔ ነኝ።» ስለ «ኮ» ነገረችው፤ ማን እንዳወጣው፣ ለምን እንዳወጣው፣ ሰኞ ሰኞ እንዴት እንደሚሞላ።

ሹፌሩ እስክትጨርስ አዳመጠ። ይሰድበኛል ብላ ጠበቀች። እሱ ግን የልጁን እጅ እንደ ያዘ «ሌሎቹስ?» አለ።

«የቶቹ?»

«እንደሷ ‹ኮ› የተጻፈላቸው። ዛሬ የት ናቸው?»

አራት መቶ ሰባት ልጆች ናቸው። ስልኳን አውጥታ፣ ከከተማው ጫፍ ላይ ያለው ሌላ ኮሌጅ ግቢ ርዕሰ መምህር ጋ ደወለች።

«መዝገቡን ተወው» አለችው። «አሁኑኑ ተነሥና ክፍል ለክፍል ዙር። የአሥራ አንደኛ ልጆችህን አንድ በአንድ በዓይንህ አይተህ ንገረኝ።»



«እትዬ» አለ፣ ድምፁ ተለውጦ። «ሳልዞር ልንገርዎት፤ ከልጆቹ ሁለቱን ካየኋቸው ቆይቷል።»