ሐረጎ ላይ ያበራው ምላሴ

የኔ ምላስ ሐረጎ ቁልቁለት ላይ ጉም ውስጥ አብርቶ አይሱዙ አቁሟል። እንደማታምኑኝ አውቃለሁ። ትናንት ልጄ ከሠርግ ያመጣችውን የሚያበራ የፕላስቲክ ዘንግ ቀጭ ስታደርገው ግን ምላሴ እንደ አዲስ መረረኝ።

ያኔ ዓሥር ዓመቴ ነው። ከጅዳ ከተመለሰችው ከዘሀራ አክስቴ ጋር ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በእግር ስንወርድ ጉሙ ዋጠን። እንዲህ ያለ ዘንግ ሰጠችኝና፣ "መኪና ሲመጣ እንዳይገጨን ስበረውና አውለብልብ" አለችኝ።

የጅዳ ስጦታ ይሰበራል እንዴ? አሸሁት፣ እፍ አልኩበት፣ እምቢ አለ። የመኪናው ድምፅ እየቀረበ ነው። ተናድጄ ነከስኩት። ቀጭ ብሎ በራ፣ ፕላስቲኩም ተቀደደና የሚያበራ መራራ ውሃ አፌን ሞላው። የሚያበራ ምላሴን አውጥቼ እየጮህኩ መንገዱ ዳር ቆምኩ።

የአይሱዙው ሹፌር አጠገባችን ፍሬን ይዞ ወረደ። "አንተ፣ ሰው ነህ ጂን?"

"ሰው ነው፤ ጅል ሰው" አለች አክስቴ፣ አፌን በኮዳ ውሃ እያጠበች። "ወላሂ፣ እጠፈው ማለቴ ነበር። የሚሰበረው ውስጡ ያለው ብልቃጥ ነው፤ ላዩ ከተቀደደ ያቃጥላል።"

ይኼን ቀድማ ብትነግረኝ ምን ነበረበት? ሁለት ነፍስ አድኜ የተሰደብኩ እኔ ብቻ ነኝ፤ እስከ ዛሬ ያበሽቀኛል።

አክስቴ ዛሬ ደሴ ሰኞ ገበያ ትነግዳለች፤ ሂዱና ራሷን ጠይቋት። ስድቧን ትታ ከነገረቻችሁ ውሸታም በሉኝ።