ለሁሉም የሚሆን ካራ

ደሞዝ ባሕር ዳር፣ ግሽ አባይ ሰፈር ያለ አንድ የቅየሳ መሥሪያ ቤት የመጋዘን ዘበኛ ነበር። በስሙ መቀለድን ለምዶታል፤ «ደሞዝ ገባ?» የሚል ሲመጣ «ገብቶ ወጣ፣ እንደ ሁልጊዜው» ብሎ የሚመልሰው ራሱ ነው። ያልለመደው መጋዘኑን ነበር። አይጥ፣ አቧራ፣ ቁልፍ፣ እንደገና አይጥ። ቀያሾቹ ድንኳናቸውን ጭነው ወደ ሐይቁ ዳር ሲወጡ ባየ ቁጥር ልቡ መኪናው ላይ ይሳፈራል።

በሰባ ሦስት ዓመተ ምሕረት፣ ሁዳዴ ሊገባ ሲል፣ የካምፑ ወጥ ቤት ሠራተኛ ታሞ ቀረ። ቀድሞ እጁን ያወጣው ደሞዝ ነው። የቀያሾቹ አለቃ ኢንጂነር ዳኘው የአዲስ አበባ ልጅ ነው፤ ከላይ እስከ ታች አየው።

«ምግብ ትችላለህ?»

«እንዴታ!»

«አንድ ሳምንት አይሃለሁ። ሰዉ ከበላልህ ትቀራለህ፤ ካልበላልህ ወደ አይጦችህ።»

ደሞዝ ወጥ ቤት የሚያውቀው በበሩ በኩል ነው፤ «ደረሰ?» ብሎ ሲጠይቅ። ሚስቱ የሻሽወርቅ ግን አላሳፈረችውም፤ ሽሮውን አሰናድታ፣ ዳቦውን ጋግራ፣ «ውሃው ሲፈላ ጨምር፣ አማስል፣ አትተኛ» ብላ አስጠናችው። ስለዚህ ለእሱ የቀረው ትልቅ ሥራ ካራ መምረጥ ብቻ ነበር። እሱ እንደዚያ ነው ያሰበው።

በጃንሆይ ጊዜ ሐይቁን ሊለካ ከመጣ ፈረንጅ ወገብ ላይ ያየው ካራ ከዓይኑ አልጠፋም፤ ክንድ የሚያህል፣ ሰፊ፣ ጫፉ ከጀርባው ተቀንሶ ወደ ላይ የቀና። ቅዳሜ ገበያ ወርዶ ባለእጁ አያ አገኘሁ ፊት መሬት ላይ በከሰል ሣለው። ሽማግሌው ሦስት ካራ ዘረጉለት። አንደኛው ስስ ነው፤ ደሞዝ በጣቱ አጠፍ አደረገውና መለሰው። ሁለተኛው ክብደቱ ሁሉ ጫፉ ላይ ነው፤ የሚሸከመውን ሰው ወደፊት ይጎትታል። ሦስተኛው ከመኪና ባሌስትራ የተቀጠቀጠ ነበር፤ ጀርባው ካስማ ለመምታት የሚበቃ፣ ብረቱ በቀንድ እጀታው ውስጥ እስከ መጨረሻው የዘለቀ። እጀታው አጠገብ በአንድ ጣቱ ቢያቆመው ሳይወድቅ ቆመ።

«ይኼ ነው!»

«ለምን ሥራ ነው የፈለግኸው?»

«ለሁሉም! እንጨት ልፈልጥበት፣ ካስማ ልመታበት፣ ጣሳ ልከፍትበት፣ ዳቦ ልቆርስበት።»

«ለሁሉም የሚሆን ጨው ብቻ ነው። ለመሆኑ የጾም ነው የፍስክ?»

ደሞዝ እስኪያስለው ሳቀ። «አያ አገኘሁ ይሙቱ፣ ብረት ደግሞ ይጾማል እንዴ?»

«ብረቱስ አይጾምም፤ ሰዉን ጠይቅ» አሉና ወደ ወናፋቸው ዞሩ።

ቤት ሲገባ የሻሽወርቅ ወገቡን አየች። «ምነው፣ የምትሄደው ካምፕ ነው ጦር ሜዳ?» አለችና ከግድግዳው ሁለት ሚስማር ላይ ከተሰቀሉት ሁለት ቢላዋዎች አንዱን አውርዳ ዘረጋችለት።

«አንቺ ደግሞ! ይኼ እያለ?»

«እንግዲህ ነገርሁህ» አለችና መልሳ ሰቀለችው።

ካምፑ ከይፋግ ወደ ሐይቁ ወረድ ብሎ ተተከለ። የመጀመሪያው ቀን የደሞዝ ነበር። እንጨቱን ፈለጠ፣ ካስማውን መታ፤ ሠራተኛው ካራውን እየተቀባበለ አደነቀ። ንቃት ሊሰጥ አብሮ የተላከው ካድሬ ጓድ ሣህሉ እንኳ «ይህ የባለእጆቻችንን የፈጠራ ችሎታ ያሳያል» አለ።

ሁዳዴ ገብቷል። ጓድ ሣህሉ ግን በስብሰባ ላይ ጾምን የአድኃሪ ሥርዓት ትርፍራፊ ብሎት ስለነበር እጾማለሁ የሚል አልነበረም፤ «ሆዴን አሞኛል» ነው የሚባለው። በዚያ ዓመት የሠራተኛው ሆድ ከየካቲት እስከ ፋሲካ እንደታመመ ከረመ። ደሞዝ ደግሞ የሚጾመው ሚስቱ ስለምትጾምለት ነው፤ ያቀረበችለትን ይበላል፣ በምን እንደቆረሰችው ጠይቆ አያውቅም።

ማታ ኢንጂነሩ የጣሳ ሥጋ አወጣ። ደሞዝ በአንድ ውግታ ከፈተለት፤ ሰዉ አጨበጨበ። ካራውን ሣር ላይ ጠረግ ጠረግ አድርጎ የሁሉንም ዳቦ በዚያው ቆረሰ። ጭብጨባው ቆመ።

«ሆዴን አሞኛል» አለ አንዱ። «እኔን ጥርሴን» አለ ሌላው። ጓድ ሣህሉ ራሱን እንዳመመው ተናግሮ ተነሣ። ከኢንጂነሩ በቀር የቀመሰ የለም። በማግስቱም፣ በሠልስቱም እንደዚሁ ሆነ።

«ደሞዝ፣ ሰዉ አይበላልህም እኮ» አለ ኢንጂነሩ። «መጋዘኑ ቁልፍ ያዥ እየፈለገ ነው።»

ደሞዝ ሽሮውን ቀመሰ፤ ደህና ነው። ዳቦውን አሸተተ፤ የየሻሽወርቅ ዳቦ ነው። ግራ ገብቶት ውሃ ሊቀዳ ሐይቁ ዳር ወዳለው ደንገል ሲወርድ ጓድ ሣህሉን ጀርባውን ሰጥቶ ሲቆረጥም አገኘው። ኪሱ በሽምብራ ቆሎ ተወጥሯል።

«ጓድ፣ ራስዎን ተሻለዎት?»

ካድሬው ደነገጠ። «ይሄ... ይሄ ናሙና ነው። የአካባቢው ሰብል ናሙና።»

«ናሙናውን ጨርሰውታል እኮ። ምነው ዳቦዬን ጠሉብኝ? ሥራዬን ልቀማ ነው!»

ጓድ ሣህሉ ግራ ቀኙን ካየ በኋላ ወደ ጆሮው ተጠጋ። «አንተ የማትረባ! ሥጋ በነካ ካራ ቆርሰህ ማን ይብላልህ? በሁዳዴ?» ወዲያው ጉሮሮውን ጠረገ። «ብዙኃኑን ማለቴ ነው።»

ያኔ የአያ አገኘሁ ጥያቄም፣ የሚስቱ ሁለት ሚስማርም አብረው ትዝ አሉት። እንዲህ ነው ብሎ አደባባይ ቢናገር ሰዉን ሁሉ ማጋለጥ ነው፤ ዝም ቢል መጋዘን ነው።

ማታ ዳቦውን ይዞ መካከል ቆመ። «ጓዶች! ሽማግሌ እንዳስተማረኝ ብረት አይታመንም። ከዛሬ ጀምሮ፣ ለጽዳት ሲባል፣ ካራው ከጣሳና ከእንጨት አያልፍም። ዳቦ በታጠበ እጅ ይቆረሳል።»

«ተራማጅ አሠራር ነው!» አለ ጓድ ሣህሉ፣ ቀድሞ እጁን እየዘረጋ።

የሁሉም ሆድ ባንድ ጊዜ ዳነ። ድስቱ ተጠረገ። ኢንጂነሩ የሆነውን ሳያውቅ «እንዲህ ነዋ! ትቀራለህ» አለ።

ቅዳሜ ደሞዝ ስንቅ ሊጭን ባሕር ዳር ሲመለስ ከአያ አገኘሁ ፊት ቁጢጥ አለ። ትንሽ ቢላዋ ፈለገ።

«ትልቁ ተሰበረ?»

«ኧረ ደህና ነው፤ ጣሳና እንጨት ላይ ነው።»

«ታዲያ ይኼኛው የጾም ነው የፍስክ?»

ደሞዝ ዙሪያውን ቃኘ፤ ከዚያ ዝቅ ብሎ «የጽዳት ነው» አላቸው።