ቅቤ የጠጣው ክራር

ደጀኔ ቅናተኛ ነበር፤ ይህን ማለባበስ አያስፈልግም። በቀወት ምድር ሚስቱን የሚወድ ወንድ ሞልቷል፤ ሚስቱን ቀና ብሎ ያየ ውሻ ላይ ድንጋይ የሚያነሣ ግን እሱ ብቻ ነበር። ይህን ያጫወተችኝ እናቴ ናት። ከደጀኔ ቤት የሚለያት አንድ የቁልቋል አጥር ስለነበር ብዙውን በጆሮዋ ሰምታለች። ያልሰማችውን ደግሞ ሚስቱ ውባለም ራሷ ነግራታለች።

ደጀኔ አራሽ ነው፤ እጁ ግን ክራር መሥራት ያውቃል። ውባለምን ያገኛትም በዚሁ ነው። ልጅቷ ክራር ትመታለች ሲሉት ዋንዛ ፈልፍሎ፣ የፍየል ቆዳ ወጥሮ፣ ስድስት የጅማት ክር ዘርግቶ፣ ሽማግሌ ከመላኩ በፊት ክራሩን ላከላት። አባቷን ሽማግሌዎቹ እሺ አሰኙት፣ እሷን ክራሩ።

ከተጋቡ በኋላ ግን ክራሩ ጠላት ሆነበት። ውባለም ወደ ማታ ደጃፏ ላይ ተቀምጣ ስትመታ መንገደኛው ይቆማል። ከብት የሚነዳው ይቆማል፤ ከብቱም የሰው ማሳ ውስጥ ይገባል። ደጀኔ "እነዚህ ሰዎች ቤት የላቸውም እንዴ?" እያለ በጓሮው ይንጎራደዳል። ባለትዳር ሴት ክራር ታቅፋ ደጅ ትውላለች ብሎ የሚያማም አልጠፋም።

በሁለተኛው ዓመት ገደማ ደጀኔ ክራሩን መንከባከብ አበዛ። የቆላው ሐሩር ቆዳውን ይሰነጥቀዋል አለ፤ በዚህ አልዋሸም፣ የቀወቷ ሮቢት ፀሐይ እንኳን ቆዳ ሰውም ትሰነጥቃለች። ቅዳሜ ቅዳሜ ውባለም ለፀጉሯ ካስቀመጠችው ቅቤ ቆንጠር አድርጎ የክራሩን ቆዳ ያሻል። ጠፍር በቅቤ ይለሰልሳል፣ ኮርቻ በቅቤ ይለሰልሳል፤ ክራር በምን ይለያል? ክሮቹ ቆዳው ላይ የሚንተራሱባትን በርኩማ ቆዳውን እንዳትወጋው ብሎ አወፈራት። ክሮቹ የሚጠመጠሙበትን የላይኛውን ቀንበር ጅማቱን እንዳይበላው ብሎ በጨርቅ ደራረበው። ክራሩ ወዙ የሚያበራ፣ ለዓይን የሚያምር ሆነ። መንገደኛውም መቆሙን ተወ። ደጀኔ ሰው ሥርዓት ያዘ ብሎ ደስ አለው።

ጣሊያን ገብቶ መንገዱን ከጣርማ በር ወደ ቆላው ሲያወርድ ገሚሱ ሰው ዱር ገባ፣ ገሚሱ ድንጋይ ተሸከመ። ከመንገድ ሠራተኞቹ ጋር ሷሊሕ የሚባል የአሊዩ አምባ አርጎባ መጣ። አናጢ ነው። ሚስቱን ሙሚናን ይዞ ሮቢት ዳር ጎጆ ቀለሰ። እሱም ክራር ነበረው።

አንድ ሮብ ውባለም ገበያ ወጣች። ደጀኔም አብሯት ነበር፤ ብቻዋን ገበያ ሰዷት አያውቅም። ሷሊሕ ለሽያጭ ከደረደራቸው በርጩማዎች አጠገብ ተቀምጦ ክራሩን ይነካካል። አንዱን ክር መታና እጁን አነሣ። አህያ እያናፋ፣ ሰው እየተከራከረ፣ ድምፁ አልሄደም። ቀጥኖ፣ ቀጥኖ፣ በራሱ ጊዜ ጠፋ። ውባለም ጨው ልትቀበል የዘረጋችው እጅ እንደተዘረጋ ቀረ። ጨው ሻጯ ሁለት ጊዜ "እንኪ እንጂ" አለቻት። ደጀኔ ክራሩን አላየም። ያየው እጇን ነው።

"ምኑን ነው እንዲህ ያየሽው?" አላት በመንገድ ላይ። "ሰውየውን?"

"ሰውየውንማ አላየሁትም" አለች ውባለም። "የኔው ክራር ቶሎ እንደሚሞት እያሰብኩ ነው።"

ይህ መልስ ከስድብ የባሰ ሆነበት። ሰው ላይ ዱላ ይነሣል፤ ድምፅ ላይ ምን ይነሣል? አዲስ ጅማት ጠመዘዘ፣ ለውጥ የለም። የጥጃ ቆዳ ወጠረ፣ ባሰ። ቅቤውን አበዛው፤ ክራሩ እርጥብ ጆንያ እንደመምታት ድፍ ድፍ ይል ጀመር።

በዚህ መሐል የውባለም ወንድም ሠርግ ደረሰ። እሷም ረጋ ብላ "በዚህ ክራር ሰው ፊት አልቀርብም። ሙሚናን ጠይቄ የነሱን እዋሳለሁ" አለችው። ሚስቱ በዘመድ አዝማዱ ፊት የሌላ ወንድ ክራር ልትታቀፍ ነው፤ እሱ ሲያጫት የሠራላት ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ። ከዚያ ወዲያ በቀወት መሬት ላይ በየት በኩል ቀና ብሎ ይሄዳል?

ክፉ ሐሳብ መጣበት። ያኔ የጣሊያንን የስልክ ሽቦ የቆረጠ ይሰቀል ነበር። የሷሊሕ ክራር ክሩ የስልክ ሽቦ ነው ብሎ ለአንድ ባንዳ ሹክ ማለት ብቻ ይበቃል። እናቴ እዚህ ስትደርስ ድምጿን ዝቅ ታደርጋለች። ደጀኔ እስከ ጣሊያን ካምፕ በር ድረስ ሄዶ ነበር። ምን እንደመለሰው ለማንም አልተናገረም፤ ለኔ ግን ጽድቅ አይመስለኝም። ቅናቱ ራሱ ነው የመለሰው። ሷሊሕ ከተሰቀለ ያ ድምፅ ከምን እንደመጣ ማን ይነግረዋል?

ከካምፑ በር ዞሮ ሷሊሕ ጎጆ ሄደ።

"ጋሼ ደጀኔ፣ ይግቡ እንጂ፣ ይቀመጡ" አለ ሷሊሕ።

ደጀኔ አልተቀመጠም። "ክሩ ምንድን ነው?"

"ጅማት ነዋ። እንደርስዎው።"

"እስቲ አምጣው።"

ሷሊሕ ክራሩን ሳያቅማማ ሰጠው። ደጀኔ ይህን አልጠበቀም፤ ሰውየው ለመጠላት እንኳ አልመች አለው። ክራሩን አገላበጠው። በርኩማዋ የሱን ግማሽ አታህልም፤ ጫፏ ላይ ጥፍር የምታህል ቀጭን አጥንት ተሰክታለች፣ ክሩም የሚያርፈው በዚያች ስለት ላይ ብቻ ነው። ቀንበሩ ላይ ጨርቅ የለም። ቆዳው ከመፋቁ ብዛት ብርሃን ያሳልፋል።

"ይህን አጥንት ማን አሳየህ?"

"ጣርማ በር ላይ ስንሠራ አንድ ጣሊያን ድንጋይ ጠራቢ ጊታር ነበረው። የጊታሩ አንገት ላይ ክሩ የሚያልፍባት አጥንት ተሰብራበት እኔ ሠራሁለት። መጀመሪያ ከለስላሳ እንጨት ብሠራት ድምፁን ዋጠችው። ከበሬ አጥንት ስሠራት፣ ወላሂ፣ ያው ጊታር ሌላ ሆነ። ክር የሚያርፍበት ለስላሳ ከሆነ ድምፁን ይጠጣዋል፣ ጋሼ። ጠንካራና ቀጭን ከሆነ ይመልሰዋል።"

"ቆዳውንስ ምን ትቀባዋለህ?"

"ምንም። ደርቆ ነው የሚናገረው።"

"ቅቤ አትቀባውም?"

ሷሊሕ ሳቀ፤ ሳቁ ክፋት አልነበረበትም። "ቅቤማ እንዲተኛ ከፈለጉ ነው።"

ደጀኔ ቤቱ ገብቶ አንድ የፍየል ቆዳ ብርሃን እስኪያሳልፍ ፋቀና ወጠረው፤ ጥላ ውስጥም አደረቀው። ጨርቁን ከቀንበሩ ላይ ፈታ። በርኩማዋን አሳሳና የበሬ ቅልጥም ሞርዶ ጫፏ ላይ ሰካ። ሲጨርስ ክራሩን ለውባለም ሰጥቶ ደረቱን ነፍቶ ቆመ።

ውባለም አንዱን ክር መታች። ድምፁ ጎጆውን ሞልቶ ቆየ። እስኪያልቅ ድረስ አዳመጠችው።

"ድሮም እንዲህ ነበር" አለች።

"ድሮ መቼ?"

"አንቱ ቅቤ መቀባት ሳይጀምሩ።"

"ቅቤው እንደሚያፍነው ታውቂ ነበር?"

"በጄ የምይዘውን እንዴት አላውቅ?"

"ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?"

ክራሩን ጭኗ ላይ አስተኛችው። "ደጅ ላይ ሰው ሲቆም ፊትዎ ይጠቁር ነበር። እህል አይቀምሱም፣ እንቅልፍ የለዎትም። ክራሩ ሲታፈን እህል ቀመሱ፣ እንቅልፍም ወሰደዎት። እኔም ክራሩ ይቅር አልኩ።"

ደጀኔ የቀናባቸው ሁሉ፣ መንገደኛውም፣ ከብት ነጂውም፣ ሷሊሕም፣ ከሚስቱ አንዳች ነገር አልወሰዱም። የወሰደው እሱ ነበር።

ለሠርጉ ውባለም የባሏን ክራር ይዛ ዳስ ውስጥ ተቀመጠች። ድምፁ ከዳሱ ወጥቶ እስከ አዲሱ መንገድ ሄደ። ከመንገድ ሥራ የሚመለሱት ቆሙ፤ ሷሊሕና ሙሚናም ቆሙ። በዳሱ በር ላይ የወንድ ትከሻ ተደረደረ። ደጀኔ ከምሰሶው ሥር ተቀምጦ ፊቱ ጠቆረ። ማዕድ ቀረበለት፤ አንድ ጉርሻ አልቀመሰም። ውባለም አየችው። እጇን ግን ከክራሩ አላነሣችም።