ካናዳዊቷ ሻይ ቀጂና እኔ

ባለፈው ጥር ደብረ ብርሃን መናኸሪያ ቆሜ የመሐል ሜዳን አውቶቡስ እጠብቅ ነበር። የልጅ ልጄ ቲኬት ሊቆርጥ ሄዷል። አንዲት ልጅ ትንሽ መኪና አቁማ፣ የኋላ በሯን ከፍታ ሻይ ትሸጣለች። ብርዱ ስላስጨነቀኝ እኔም ተሰለፍኩ። ተራዬ ሲደርስ ልጅቱ ቀና ሳትል «እማማ፣ ስኳር ስንት ላድርግልዎ?» አለችኝ።

ከኋላዬ ያለው ሰውዬ «እናቴ፣ ሰምተዋታል?» አለኝ። ሰምቻታለሁ እንጂ! እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ የመጀመሪያው ሰው ባሌ ደምሴ ነበር፤ ያን ቀን ደግሞ ጥዬው ልሄድ ጓዜን አዝዬ ነበር።

ደምሴ ኮሪያ የዘመተው በተጋባን በዓመቱ ነው። ቤታችን ከሞላሌ ወጣ ብሎ ነበር። ሲመለስ አንድ ሜዳይ፣ አንድ የሱፍ ብርድ ልብስና አንድ ፎቶግራፍ ይዞ መጣ። ብርድ ልብሱን ወደድኩት፤ ፎቶግራፉን ጠላሁት። ጎኗ እንደ ሱቅ መስኮት የተከፈተ መኪና ትታያለች። በመስኮቱ አንዲት ነጭ ሴት ባርኔጣ ደፍታ ኩባያ ታቀብላለች። ተቀባዩ ደምሴ ነው፤ ይስቃል። ጥርሱ እስከ መንጋጋው ይታያል። እኔ ያን ጥርስ ቤቴ ውስጥ አይቼው አላውቅም። በሠርጋችን ዕለት እንኳ ከንፈሩን ገጥሞ ነው የዋለው።

ሴትዮዋ ካናዳዊት ናት አለኝ። ካናዳዎቹ ለወታደሮቻቸው ሻይ፣ ብስኩት፣ የደብዳቤ ወረቀትና ምላጭ የምታድል መኪና ነበረቻቸው። ወታደር ከግንባር ወርዶ በሚያርፍበት ቦታ እየዞረች ትቆማለች፤ የኛዎቹም ሲያልፉ ይሰለፋሉ።

«የኛ ነህ አይደለህም አትልም፤ ለሁሉም እኩል ነው የምትቀዳው» ይለኛል። «ኩባያው የብረት ነው፣ ይፋጃል። እሷ ታዲያ የጋለውን ጎን በጣቷ ትይዝና ጆሮውን ወዳንተ ታዞርልሃለች።»

ይህን ባወራ ቁጥር በእጁ እያሳየ ነው። ረቡዕና ዓርብ የኛ ሰዎች ወተት የገባበት እንደማይቀምሱ አይታ ለብቻቸው ትቀዳላቸው ጀመር ብሎ ሲጨምርልኝ ደሜ ፈላ። የባሌ ጾም እሷን ምን አገባት!

ቅናት ነው፤ ምን እደብቃለሁ። ለነፍስ አባታችን ብናዘዝ «ከወረቀት ጋር ነው የተጣላሽው?» ብለው ሳቁብኝ። ቀጥለው «ቅንዓት ለአጥንት ነቀዝ ነው» ብለው አሰናበቱኝ። ነቀዙ ግን ሥራውን አልተወም።

ዓመት ሳይሞላው ደምሴ ሌላ ጣጣ አመጣ። ሁለት የጥይት ሳጥን በበቅሎ ጭኖ፣ ፈርኔሎና ትልቅ ማንቆርቆሪያ ይዞ በገበያ ቀን ሻይ ማፍላት ጀመረ፤ አንድ ሳምንት ሞላሌ፣ አንድ ሳምንት መሐል ሜዳ። ወንድ ልጅ ሻይ ቀጂ ሆነ ተብሎ ተሳቀበት። ኅዳር ገብቶ የጓሳ ተራራ ውርጭ ሲወርድ ግን የሳቀው ሁሉ ተሰለፈ። በግ ነጋዴው፣ ቄሱ፣ ሱፍ ሻጯ፣ ማንም ይሁን ማን «ስኳር አንድ ወይስ ሁለት?» ይባላል፤ የኩባያው ጆሮ ይዞርለታል፤ ጥርስም ይታይለታል። ፎቶግራፉን ደግሞ ከሳጥኑ ክዳን ውስጥ ለጥፎታል። ክዳኑን በከፈተ ቁጥር ያቺ ሴት ብቅ ትላለች።

ቤት ሲገባ ሌላ ሰው ነው። እጁን ይዘረጋል፣ አስታጥበዋለሁ። አቀርባለሁ፣ ይበላል፣ ቀና ብሎም አያየኝ። የቅርብ ጠበል ልጥ ይነከርበታል ይሉ የለ? ያ ጠበል እኔ ነበርኩ። አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ አልቻልኩም።

«ለኔስ መቼ ነው የምትቀዳልኝ?»

«አንቺማ ሚስቴ ነሽ» አለኝ ግራ ገብቶት። «እንግዳ ነሽ እንዴ?»

«እንግዳ ብሆን ይሻለኝ ነበር።»

ክፋት አልነበረውም፤ የምሬን አልገባውም። ይበልጥ ያናደደኝም እሱ ነው።

በሚቀጥለው የመሐል ሜዳ ገበያ እሱ ጎሕ ሲቀድ ሄደ። እኔ ቤቱን ጠርጌ፣ እሳቱን አዳፍኜ፣ ልብሴንና እንዝርቴን ጠቅልዬ ተከተልኩ። ወደ አባቴ ቤት፣ ወደ ራቤል ልሄድ ነው፤ ላልመለስ። መንገዱ በመሐል ሜዳ ያልፋል። ጉሙ አልተነሣም፤ የታጨደው ገብስ በየማሳው ተከምሯል። የቋጠርኩትን ቆሎ እየቆረጠምኩ፣ በየቁርጥማቱ ያቺን ባለባርኔጣ እየረገምኩ ሄድኩ።

ገበያው ዳር ስደርስ የሱን ሰልፍ አየሁ። ዝም ብዬ ማለፍ ነበረብኝ። ለአንዲት ጊዜ እንኳ ተቀድቶልኝ ልሂድ ብዬ ነጠላዬን እስከ ዓይኔ ተከናንቤ ከመጨረሻው ሰው ኋላ ቆምኩ።

ተራዬ ደረሰ። ዓይኑን ከማንቆርቆሪያው ሳያነሣ «ስኳር አንድ ወይስ ሁለት?» አለኝ።

በዕድሜዬ እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ አልነበረም፤ የሰጡኝን ነበር የምጠጣው።

«አላውቅም» አልኩት።

ድምፄን ሲሰማ ቀና አለ። በጀርባዬ ያለውን ጓዝ አየና ፊቱ አመድ መሰለ። ኩባያውን ግን ዘርግቶልኛል፤ የጋለውን ጎን በጣቶቹ ይዞ፣ ጆሮውን ወደኔ አዙሮ። አልተቀበልኩትም። ጣቶቹ ሲቀሉ እያየሁ ቆምኩ። ይቃጠል አልኩ በሆዴ። እሱም አላስቀመጠውም። ከኋላዬ አንዱ «ኧረ ሴትዮ፣ ውርጩ ጨረሰን!» ብሎ ጮኸ።

«ወዴት ነው?» አለኝ በቀስታ።

«ራቤል።»

«አንድ አድርጌበታለሁ» አለ። «ካነሰሽ ተመለሽ።»

ተቀበልኩት። በግ ተራ አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ጠጣሁት። እውነቱን ለመናገር ስኳሩ አንሶኝ ነበር። ጓዜን እንዳዘልኩ ተመልሼ ከሰልፉ መጨረሻ ቆምኩ። ከሩቅ አየኝ፤ ወደ ፊት ነይ አላለኝም፤ እንደ ሰው ሁሉ ተራዬን መጠበቅ እንደምፈልግ እንኳ አወቀልኝ። ተራዬ ሲደርስ «ሁለት» አልኩት። ራቤል የሄድኩት ለፋሲካ ነው፤ ከሱ ጋር፣ በዚያችው በቅሎ።

ፎቶግራፉን ከክዳኑ ላይ አላነሣውም፤ እኔም አንሣው አላልኩትም። ከዓመት ዓመት እንፋሎቱ የሴትዮዋን ፊት አጠፋው፤ እጇና ኩባያው ቀሩ። ደምሴ ካረፈ ቆይቷል። እስከ መጨረሻው ድረስ፣ ሁለት መሆኑን እያወቀ፣ ጠዋት ጠዋት «አንድ ወይስ ሁለት?» ይለኝ ነበር። ያስተማረችው እሷ ናት፤ ምስጋና ይገባታል። ያን ጥርስ ግን ከኔ በፊት አይታዋለች፤ እስከ ዛሬ ይቅር አላልኳትም።

የመናኸሪያዋን ልጅ «ሁለት» አልኳት። የሰጠችኝ የወረቀት ብርጭቆ ጆሮ የለውም፤ ጣቴን ፈጀኝ። እስቲ ደምሴ ያን ቀን የቻለውን ልቻል ብዬ ያዝኩት። ብዙ አልቆየሁም፤ አቃተኝና አግዳሚው ላይ አስቀመጥኩት። እሱ እኔ እስክቀበለው ድረስ ይዞት ነበር።