የሰፋሁት ኪስና የእሷ ቋጠሮ

ሁለት ሺህ አሥራ አንድ ዓመተ ምሕረት ነበር። እኔ ያኔ ስልሳ ሰባት ዓመቴ፣ ቢበዛ ስልሳ ስምንት። እናቴ "ገብስ ሲታጨድ ወለድኩህ" ብላኛለች እንጂ ቀኑን የጻፈልኝ የለም። በዚያ ዓመት ከጥምቀት በኋላ፣ እህሉ ጎተራ ሲገባ፣ ማኅበርተኞቻችን አውቶቡስ ተከራይተው ወደ ባሕር ዳር፣ ከዚያም በጀልባ ጣና ላይ ያሉትን ገዳማት ሊሳለሙ ተነሡ። እኔና ባለቤቴም ገባንበት።

አገራችን ከሮብ ገበያ ወጣ ብሎ፣ ጮቄ ሥር ነው። እኛ ውሃ የምናውቀው ከምንጭ ስንቀዳው፣ ክረምት ደግሞ ወንዝ ሞልቶ መንገድ ሲከለክለን ነው። ውሃ ላይ ተቀምጦ መሄድን አናውቅም። እኔ ለሽርሽርም ለበረከትም ብዬ ነበር የወጣሁ። ባለቤቴ ግን ጉዳይ ነበራት።

ከዚያ በፊት በነበረው ክረምት የመጨረሻ ልጃችን ታሞ ደብረ ማርቆስ ተኝቶ ነበር። ሐኪሞቹ ፊታቸውን ሲያጨልሙ ባለቤቴ ከአልጋው ግርጌ ተንበርክካ ተሳለች። በጣና ዳር ላለችው ማርያም ነው የተሳለችው። "ልጄን አንሥተሽ ካቆምሽልኝ፣ የጃንጥላሽን ዋጋ በገዛ እጄ ይዤልሽ እመጣለሁ" አለች። ልጁም ተነሣ። ከዚያ ወዲህ የእንቁላሉን፣ የቅቤውን፣ የፈተለችውን ድር ዋጋ እየለየች ታስቀምጥ ጀመር። የምታስቀምጠውም ልጁ ታሞ ለብሶት ከነበረው ባለመስመር ሸሚዝ በቀደደችው ጨርቅ ቋጥራ፣ ቋጠሮውን ከመቀነቷ ጫፍ አሥራ ነው። አንድ ጊዜ ጨው አልቆብን ከጎረቤት ተበደረች እንጂ ያንን አልፈታችም። አይቻለሁ። አላየሁም ብል ውሸት ነው።

ከመሄዳችን በፊት ማርቆስ የምትሠራው ልጃችን መጣች። በሬ ሸጬ ስለነበር ብሩን እንዴት እንደምይዘው ጠየቀችኝ።

"እንደ ሁልጊዜዬ" አልኳት።

የእኔ ሁልጊዜ እንዲህ ነው። ሩቅ ገበያ ስሄድ ብሬን ከኮቴ የውስጥ ኪስ አስገባና አፉን በጆንያ መርፌና በሲባጎ እሰፋዋለሁ። ደርቤ ነው የምሰፋው። ሌባ እጁን ቢሰድ ኪሱን ይዳብስ እንጂ ብሩን አያገኝም። ስፌቱንም ለማንም አልሰጥም፣ ለባለቤቴም ቢሆን።

"አባዬ፣ ይተውት ይሄን" አለች ልጄ። "ትንሹን ለእጅዎ በቅርብ ይያዙ። ትልቁን ስልክዎ ላይ ላስገባልዎ። ለእማዬም የብቻዋን ይስጧት። አንዱ ጋ ያለው ቢጠፋ ሌላው ጋ ያለው ይደርሳል።"

"ስልኩ ሲሞት ብሬም አብሮ ይሙት?"

"ስልክ እኮ ቻርጅ ይደረጋል አባዬ።"

"የኔ ኪስ ቻርጅ አይፈልግም።"

ባለቤቴ ከጓዳ ሆና ሳቀች። እኔም ያሸነፍኩ መስሎኝ ሳቅሁ። ልጄ ግን አልሳቀችም። "መንገድ ላይ ብር ቢያስፈልግዎ ኮትዎን በጥርስዎ ሊቀዱ ነው?" አለችና ተወችኝ። ይህን ቃሏን በኋላ ብዙ ጊዜ አስቤዋለሁ።

ባሕር ዳር አድረን በማለዳ ወደ ጀልባው ወረድን። ጀልባ ነጂው ፕሮግራሙን ነገረን። መጀመሪያ ሴቶቹን ማርያም ካለችበት ዳርቻ ያወርዳል። ወንዶቹን ይዞ ሴት ወደማይገባበት ደሴት ይሻገራል። ከቀትር በኋላ ነፋስ ስለሚነሣ ከዚያ በፊት ወንዶቹን ወደ ዳርቻው ይመልሳል፤ ሁላችንም ማርያምን ተሳልመን አብረን እንመለሳለን።

ጀልባው ሲወዛወዝ ባለቤቴ ጠርዙን ጨብጣ ተቀመጠች። መቀነቷ ላይ ያለው ቋጠሮ ከውሃው በኩል ተንጠልጥሎ አየሁ።

"ፍቺና ስጪኝ" አልኳት።

"ለምን?"

"ውሃ ላይ ነን። ብትወድቂስ?"

"ወድቄ ከሞትኩ ቋጠሮው ምን ይሠራልዎታል?"

ሴቶቹ ሁሉ ሳቁ። እኔ ግን በሰው ፊት ስላሳቀችብኝ እልህ ያዘኝ። እጄን ዘረጋሁላት። እልሄን ታውቀዋለች፤ ጀልባው እስኪደርስ እጄ እንደተዘረጋ እንደሚቆይ ታውቃለች። ፈታችና ሰጠችኝ።

"የማርያም ነው" አለች። "ከእርስዎ ብር ጋር አይቀላቅሉት። ስወርድ በእጄ ይስጡኝ።"

ከሸሚዜ የደረት ኪስ ከተትኩት። የእኔው ብር ከኮቴ ውስጥ ተሰፍቷል።

ጀልባ ነጂው ሲያጣድፈን ቋጠሮውን ሳልመልስላት ሴቶቹን አውርደን ወደ ደሴቱ ተሻገርን። ከወደቡ እስከ ገዳሙ ያለው አቀበት ዛፍ የሸፈነው ነው። ተሳልመን፣ ጸበል ጠጥተን፣ ቅጽሩ ውስጥ ተቀመጥን። ከዚያ አንድ ሽማግሌ መነኩሴ ነጠላ ዘርግተው ቆሙና ስለት ያለበት፣ በረከት የሚሻ እየቀረበ እንዲሰጥ ተናገሩ። ስለቱ ሲሰጥ የሰጪው ክርስትና ስም ይጠራል፤ መነኩሴው ይመርቃሉ፤ ሰውም እልል ይላል።

የማኅበራችን ሙሴ፣ መሪያችን ማለት ነው፣ ቀድሞ ሰጠ። ሌላውም ተከተለ። ከኔ አጠገብ የተቀመጠው ጎረቤቴም ሰጠ። እሱ በሬ የምንቀናጅ፣ ምላሱ ግን ከበሬ ጅራፍ የሚብስ ሰው ነው። ተራው የኔ ሆነ። እጄን ከኮቴ ውስጥ ሰደድኩ። ሲባጎው እንደ ብረት ነው። ጣቴን ላስገባ ሞከርኩ፣ አልገባም። ጎተትኩት፣ ጨርቁ ጮኸ እንጂ ስፌቱ አልተነቃነቀም። ቢላ የለኝ፣ ምላጭ የለኝ።

"ምነው አያ፣ እጅህ ከደረትህ ተጣበቀ?" አለ ጎረቤቴ። "በሬ የሸጠ ሰው እንዲህ ነው? ለቀሪው በሬ እያዘንክ ነው?"

ወንዶቹ ሳቁ። መነኩሴውም ነጠላቸውን እንደዘረጉ ፈገግ አሉ። "ቢቸግር ጸሎትም ይበቃል ወንድሜ" አሉኝ።

ይህ ነው ያቃጠለኝ። በቸገረው ሰው ቆጠሩኝ። እጄ ከኮቴ ወጣና ወደ ሸሚዜ ኪስ ገባ። ቋጠሮውን አውጥቼ እንዳለ ነጠላቸው ላይ አኖርኩት። በልቤ ያልኩትን አስታውሳለሁ፦ "ብር ብር ነው፤ ወደ ዳርቻው ስንመለስ ሲባጎውን ቆርጬ ከኔው እተካላታለሁ።"

መነኩሴው ቋጠሮውን አነሡት። ከባድ ነበር። የሸሚዙን ጨርቅ አዩትና፣

"የማን ስለት ነው?" አሉ።

ያን ጊዜ "የባለቤቴ ነው" ማለት እችል ነበር። የምላስ ጉዳይ ነው፣ ምንም አያስወጣም።

"የኔ ነው አባ" አልኩ።

ክርስትና ስሜን ጠርተው መረቁኝ። ያን የሚያህል ቋጠሮ ማንም አልሰጠም ነበርና እልልታው ቅጽሩን ሞላው። ጎረቤቴ ሳይቀር ትከሻዬን መታ አደረገኝ። እኔም አንገቴን ቀና አደረግሁ። ይሄንን ስጽፍ አሁንም ፊቴ ይግላል።

ስንመለስ ከጀልባ ነጂው ቢላ ተበድሬ ከኋላ ተቀመጥኩና ሲባጎውን ቆረጥኩ። ከበሬው ብር የእሷን የሚያህል፣ ለነገሩ ከእሷም ጨምሬ፣ ከኮቴ ገበር በቀደድኩት ጨርቅ ቋጠርኩ።

ዳርቻው ስንደርስ ሴቶቹ ተሳልመው ወጥተው ከዛፍ ጥላ ሥር ይበላሉ። ባለቤቴ ግን ብቻዋን በቅጽሩ በር ቆማለች። እግሯን ታጥባ፣ ለዚያ ቀን ብላ ያስቀመጠችውን ነጠላ ለብሳለች። ስታየኝ ፈጥና መጣች።

"ሴቶቹ ግቢ ግቢ ሲሉኝ ቋጠሮዬ ጣና ላይ ነው አልኳቸው" አለችኝ። ደስ ብሏታል። "ያምጡት።"

ሰጠኋት። ተቀበለችና ልትሄድ አንድ እርምጃ ተራመደች። ከዚያ ቆመች። አልፈታችውም፤ በአውራ ጣቷ ጨርቁን ብቻ ዳሰሰችው።

"ጨርቁስ?"

"ረጥቦ ጣልኩት" አልኳት። "ማዕበል ረጨን።"

ሸሚዜን አየች። ደረቅ ነው። ገና ሳትናገር ጎረቤቴ ከኋላዬ ደረሰ። ክፋት አልነበረበትም፣ የደስታ ነበር።

"እመይቴ ደስ ይበልሽ!" አላት። "ባልሽ ዛሬ አኮራን። በዚያች ባለመስመር ጨርቅ ያን የሚያህል ቋጥሮ ለገዳሙ ሲሰጥ፣ ደሴቱ በእልልታ ሊሰጥም ነበር!"

ባለቤቴ ከተጋባን ጀምሮ አንቱ ስትለኝ የኖረች ሴት ናት። በሙሽርነቷም፣ ስንጣላም፣ ሰክሬ በገባሁ ቀንም።

"አንተ ሰው" አለችኝ። ድምጿን አላነሣችም። "እኔ እዚህ ቆሜ፣ አንተ በልጄ ሸሚዝ ተመረቅህበት?"

"ተክቼልሻለሁ። እንዲያውም ይበልጣል።"

"ይሄ የበሬህ ነው። እኔ ለማርያም በሬ አልተሳልኩም። ያንን ከቋጠርኩበት ቀን ጀምሮ የኔም አልነበረም፣ የእሷ ነው። የእሷን ወስደህ ለሌላ ታቦት፣ ያውም በስምህ።"

ቋጠሮውን ወደ እጄ መለሰችው። ጎረቤቴ ነገሩ ሲገባው ባርኔጣውን አወለቀና ራቅ ብሎ ሄደ። እሱ ዝም ሲል ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

"ግቢና ተሳለሚ እንጂ" አልኳት።

"ባዶ እጄን? ምን ብዬ?"

የበሩን መቃን ከውጭ ሳመችና ወደ ጀልባው ወረደች። ነፋሱ ስለጀመረ ጀልባ ነጂው ይጮህብን ነበር። የእኔ ጉዳይ ተፈጽሞ፣ የእሷ ጉዳይ ቀርቶ ባሕር ዳር ገባን።

ማታ እራት አልበላችም። ስልኬን ተቀብላኝ ቤት ለቀረው ልጃችን ደወለች።

"ደህና ነህ?"

"ደህና ነኝ እማዬ።"

"አያምህም?"

"ምን ሆነሻል? እራት እየበላሁ ነው።"

"ምን እየበላህ ነው?"

"ሽሮ።"

"ትኩሳት የለህም?"

ስልኩን ዘግታ ጥቂት ቆየችና እንደገና ደወለች። ያንኑ ጠየቀችው። ያኔ ነው የሠራሁት ነገር መጠኑ የገባኝ። እሷ እኔን አልነበረም የምትፈራ። ልጁን ያነሣች ማርያም፣ እናቱ ቃሏን ያጠፈች መስሏት፣ ልጁን እንዳትወስድባት ነው የምትፈራ። ያንን ፍርሃት በልቧ የጨመርኩ እኔ ነኝ፤ ሌባ አይደለም፣ ውሃም አይደለም። ከሌባና ከውሃ ለመጠበቅ ያን ሁሉ ስሰፋ፣ ከራሴ የሚጠብቃት ስፌት አላሰብኩም።

በማግስቱ ማለዳ አውቶቡሱ ወደ አገራችን ሊመለስ ሞተሩን አስነሥቷል። ለሙሴው "እኛ እንቀራለን፣ ሂዱ" አልኩት። ምክንያቱን ጠየቀኝ። "ገዳሙ ላይ የዋሸሁት ውሸት አለ" አልኩት፣ ሌላ አልጨመርኩም። እሱም ራሱን ነቀነቀና በሩን አዘጋ።

ከማደሪያው ባለቤት ምላጭ ተቀበልኩ። ኮቴን አውልቄ ጉልበቴ ላይ ዘረጋሁና የውስጥ ኪሱን ከነተቆረጠው ስፌቱ፣ ከነቀረው ብር ቆርጬ አወጣሁት። ባለቤቴ አልጋው ጫፍ ተቀምጣለች። ከጭኗ ላይ አኖርኩላት።

"ምን ላድርገው?" አለች።

"ያዢው። ከዛሬ ጀምሮ አንቺ ያዢው።"

"ኮትህን ገደልከው።"

"ይሙት። አሁን የጀልባ ስጪኝ። ደሴቱ ሄጄ ያ ቋጠሮ የኔ እንዳልሆነ ለአባ እነግራቸዋለሁ። ሰው ካለም በሰው ፊት እነግራቸዋለሁ። ቢመልሱልኝ አመጣልሻለሁ፣ አንቺም በእጅሽ ታስገቢዋለሽ። አይመለስም ካሉኝ ለማርያም ምን እንደምትዪ ጠይቄልሽ እመጣለሁ።"

ከቆረጥኩት ኪስ ብሩን አወጣች፤ የሚበቃኝን ብቻ አስቀርታ ሌላውን ከመቀነቷ ጫፍ ቋጠረችና ያስቀረችውን ዘረጋችልኝ።

"ቢሰጡህ እንዳትፈታው" አለችኝ።

"አልፈታውም።"

"ደረትህ ላይ አታድርገው። በእጅህ ያዘው፣ እያየኸው።"

"እሺ።"

"እኔ እንደ ትናንቱ በማርያም በር ላይ እጠብቅሃለሁ።"

አንቱ አላለችኝም። እኔም አልጠበቅሁም። የዘረጋችልኝን በሁለት እጄ ተቀበልኩና፣ ገበሩ የተቀደደ ኮቴን ለብሼ ወደ ወደቡ ወረድኩ።