ታርሞና ስም የለሿ አረንጓዴ መብራት

ታርሞ ሂርቮነን ልብሱን ካላወለቀ አያወራም። ከተማችን ኮስኪላምፒ ውስጥ ይህን የማያውቅ ሰው የለም። መንገድ ላይ ስታገኘው አገጩን ትንሽ ዝቅ ያደርግልሃል፤ ሰላምታው ይኸው ነው። ሱቅ ገብቶ የሚፈልገውን በጣቱ ያሳያል። ሚስቱ ስትሞት ቄሷ እንኳን አንድ ቃል ልታወጣው አልቻለችም። በዚያው ሳምንት ግን በፋብሪካው ሳውና፣ በጋለ ድንጋይ በሚሞቀው የላብ ክፍል ውስጥ፣ ላይኛው እርከን ላይ ተቀምጦ፣ ላቡ ካገጩ እየተንጠባጠበ፣ እንዴት እንደተዋወቁ፣ ጀልባ ላይ በምን እንደተጣሉ፣ ተኝታ እንዴት ታንኮራፋ እንደነበር ለፈረቃ ጓደኞቹ አንድ በአንድ ነገራቸው። ሲጨርስ ፎጣውን አገልድሞ ወጣ። የሸሚዙን ቁልፎች ሲቆልፍ አፉም አብሮ ተቆለፈ።

እኔ በዚያ በጋ ከዩኒቨርሲቲ ተመልሼ በፋብሪካው ምግብ ቤት ሾርባ እቀዳ ነበር። ያየሁትን አየሁ፣ ያላየሁትን ደግሞ ወጥ ማውጫው ፊት ከተሰለፉት ሰማሁ።

ፋብሪካችን እንጨት ቀቅሎ ለወረቀት የሚሆን ነጭ የእንጨት ቡኮ ያወጣል። ከቅቅሉ የሚተርፈው ጥቁር ፈሳሽ አይደፋም፤ ከቤተክርስቲያናችን ማማ የሚረዝመው ቦይለር ውስጥ ይነድዳል። ቦይለሩ ሆድ ውስጥ የቀለጠ ጨው እንደ በጋ ምሽት ሰማይ ቀልቶ ይተኛል። ዙሪያውን ያሉት ግድግዳዎች ደግሞ ውሃ የሚፈስባቸው ቱቦዎች ናቸው። ያን ውሃና ያን እሳት የሚለያያቸው ከጣት የቀጠነ ብረት ነው፤ ከተገናኙ ሁሉም ነገር ይፈነዳል። በትንሿ የመስታወት ቀዳዳ ወደ ውስጥ ባየሁ ቁጥር፣ ሰው እንዲህ ካለ ነገር አጠገብ ተቀምጦ ሳንድዊች መብላቱ ይገርመኝ ነበር። ታርሞ ዕድሜውን የጨረሰው ሁለቱን ባለማገናኘት ነው።

አሮጌው መቆጣጠሪያ ሰሌዳ ላይ ግድግዳ የሚሞሉ መብራቶች ነበሩ። ሁሉም ስም አላቸው፤ አንዲት አረንጓዴ መብራት ብቻ ስም የላትም። ቦይለሩ ከዓመታዊው ጥገና በኋላ ሲነሳ እሷ ካልበራች እሳቱ አይለኮስም። አዲስ ሰው መጥቶ "ይቺ ምንድን ናት?" ሲል ታርሞ በአውራ ጣቱ ወደ ቦይለሩ ያመለክታል። የፈረቃ ጓደኛው ኦስሞ ያስተረጉማል፤ "ቦይለሩ እሺ አለ ማለቱ ነው።"

ሰሌዳው አርጅቶ ነበርና ፋብሪካው አዲስ የመቆጣጠሪያና የደህንነት ሥርዓት ገዛ። ሥራውን ይዛ የመጣችው ሄንሪካ የምትባል መሐንዲስ ናት፤ ቀልድ ታውቃለች፣ ስትበላም ቶሎ ትበላለች። ሐሙስ ዕለት የአተር ሾርባዋን ይዛ እነኦስሞ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠች። ታርሞ ከፊቷ ነበር።

"እነዚያን የአዲሱን ሥርዓት ሳጥኖች የት ልታቆሚያቸው ነው?" አላት ኦስሞ።

"ዋናዎቹን ታች። የመጠባበቂያዎቹን ከነሱ በራቀ ፎቅ ላይ ማድረግ ግዴታ ነው። ዳይሬክተሩ ሳውናውን ሰጥቶናል።"

ኦስሞ ማንኪያውን አስቀመጠ። "እኛስ?"

"ሻወር አላችሁ።"

"ሻወር ለመታጠብ ነው።"

"ሳውናውስ?"

"ታርሞን ለመስማት።"

ሳቀች። ኦስሞ አልሳቀም። "አምና ክረምት የውሃ ፓምፑ ድምፁ መለወጡን የነገረን እዚያ ነው። ከፍተን ስናየው ሊሰበር ደርሶ ነበር።"

"መቆጣጠሪያ ክፍል ውስጥ ለምን አልተናገረም?"

"ልብስ ለብሶ?"

ታርሞ ቀና አላለም። ግን ሐሙስ ሐሙስ ከሾርባው ጋር የሚቀርበውን ፓንኬክ ሳይነካ ተነሳ። ይህ ደርሶ አያውቅም፤ ሳህኑን ሳነሳ እጄ ላይ ከበደኝ።

ቦይለሩ ቆመ፣ ቀዘቀዘ፣ አሮጌው ሰሌዳ ተነቅሎ ስክሪኖች ተሰቀሉ። የሳውናው ምድጃ ኤሌክትሪክ ተቋረጠ፤ በሩ ላይም ቦይለሩ ሥራ በጀመረ ማግስት ሳውናው እንደሚፈርስ የሚገልጽ ወረቀት ተለጠፈ። የመጠባበቂያ ሳጥኖቹ እስከዚያው በዳይሬክተሩ የስብሰባ ክፍል ውስጥ ቆሙ። ሙቀት ስለማይወዱ ክፍሉ እንደ ዓሣ መጋዘን ቀዘቀዘ።

እሳቱ በሚለኮስበት ጠዋት ዳይሬክተሩ ላሴ የክሬም ኬክ አስመጣ። እኔም ኬኩን ለመቁረጥ ወጣሁ። ስክሪኑ ላይ ያለው ሁሉ አረንጓዴ ሆኖ ነበር፤ አንድ ስም የሌለው ክብ ብቻ ግራጫ እንደሆነ ቀረ።

"ይሄ ምንድን ነው?" አለ ላሴ።

"እሷ ናት" አለ ኦስሞ።

ታርሞ በአውራ ጣቱ ወደ ቦይለሩ አመለከተ።

"ዝለሉታ" አለ ላሴ።

"አይቻልም" አለች ሄንሪካ። "አንድን የደህንነት ፈቃድ ለመዝለል መጀመሪያ ምን እንደሆነ መታወቅ አለበት።"

"ምን እንደሆነ ካልታወቀ ለምን አስገባሽው?"

"ምን እንደሆነ ስላልታወቀ።"

ላሴ ሹካውን ኬኩ ላይ ሰካ። ሄንሪካ መፈተሻዋን አንስታ ሽቦውን ተከተለች፤ እኛም እሷን ተከተልን። አንዳንዱ የኬክ ሳህኑን እንደያዘ ነበር። ሽቦው ግድግዳ በሳ፣ ደረጃ ወጣ፣ በትልልቆቹ የእንፋሎት ቱቦዎች ሥር እንደ እባብ ሾልኮ አራተኛ ፎቅ ደረሰ። እዚያ የተለጠፈውን ወረቀት አልፎ ወደ ሳውናው ገባ። መጨረሻው ከምድጃው ጀርባ፣ አንዲት የዛገች ሙቀት መለኪያ ላይ ነበር።

ለረጅም ጊዜ የተናገረ የለም፤ እርግጥ እኛ አገር ይህ ምንም ማለት አይደለም።

"ቪልሆ" አለ በመጨረሻ ኦስሞ። ቪልሆ ድሮ የሞተ ኤሌክትሪሻን ነው። "ሳውናው መሞቁን ታች ሆኖ ለማወቅ ፈልጎ ይሆናል።"

ነገሩ ቀስ በቀስ ገባን። ቪልሆ ሥራ ፈት የነበረችውን መብራት ለሳውናው ሰጣት። ከእሱ በኋላ የመጣ ሌላ ሰው ደግሞ፣ ቦይለሩ በተነሳ ቁጥር በርታ ስላያት ለእሳቱ አስፈላጊ መስላው ከማስነሻው መስመር ጋር አገናኛት። ስህተቱን ማንም አላየውም፤ ምክንያቱም የዓመቱን የመጀመሪያ እሳት የሚለኩስ ፈረቃ አስቀድሞ ሳውና ሳይገባ ቀርቶ አያውቅም። ያ ሁሉ ብረት፣ ያ ሁሉ እሳት፣ የሰዎች ጀርባ እስኪሞቅ ሲጠብቅ ኖሯል።

ሁላችንም ታርሞን አየነው። የቦይለሩ እሺታ እያለ ዕድሜውን ሙሉ የታዘዛት መብራት ይቺ ነበረች። ጆሮው ቀላ። እጁን ዘርግቶ የቀዘቀዙትን የምድጃ ድንጋዮች ነካ፣ እንደ ታመመ ፈረስ ግንባር።

"ለመዝለል የሚያስፈልገው ጥናት ስንት ጊዜ ይወስዳል?" አለ ላሴ።

"ሳምንታት።"

"ሌላ አማራጭስ?"

ሄንሪካ ምድጃውን አየች። "ማሞቅ።"

የምድጃው ኤሌክትሪክ ተመልሶ ተቀጠለ። ነገር ግን በአዲሱ የደህንነት መመሪያ መሠረት የሚግል ነገር ያለ ጠባቂ አይተውም፤ ሥራ ማስጀመሪያው ላይ ደግሞ ኃላፊው ራሱ መገኘት አለበት። ስለዚህ ታርሞና ዳይሬክተሩ ልብሳቸውን አውልቀው ገቡ። ኦስሞና ሄንሪካ ስክሪኑ ፊት ቁጭ አሉ።

ውስጥ የሆነውን ላሴ ራሱ በኋላ ተናግሯል። ታርሞ አንድ ጭልፋ ውሃ ድንጋዩ ላይ ደፍቶ፣ "ወደ ላይ ውጣ፣ ታች ተቀምጦ ሳውና የለም" አለው። ከዚያ መናገር ጀመረ። ሁለተኛ ፎቅ ያለው የእንፋሎት ቫልቭ ሲዞር እየያዘ መሆኑን ነገረው። የምሥራቁ ደረጃ ብሎን መላላቱን ነገረው። የላሴ የገና ንግግር ከልክ በላይ መርዘሙንም ነገረው። ሳውናው በሞቀ ቁጥር ነገሩ ጨመረ። ላሴ ሲወጣ እንደተቀቀለ ሸርጣን ቀልቶ ነበር።

ታች ክቡ አረንጓዴ ሆነ። ኦስሞ እሳቱን ለኮሰ። ወለሉ ከእግሬ ሥር ሲንቀጠቀጥ፣ የጣሪያው መስታወት ሲያንጎራጉር፣ የያዝኩትን ቢላዋ ረስቼ ቆሜ ቀረሁ።

ላሴ ግን ሐሳቡን አልለወጠም። "ጥናቱን ሥሩና ሽቦውን አውጡት፤ ሳውናው ይፈርሳል" አለ።

የጥናቱ ስብሰባ ሳጥኖቹ የቆሙበት ቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ ሆነ። ሁሉም ካፖርት ለብሰው ነበር፤ እኔ ያቀረብኩት ቡና ከመጠጣቱ በፊት በረደ። ደንቡ አንድ ጥያቄ አለው፤ ይህ ነገር ቢወገድ ምን አደጋ ይመጣል? እያንዳንዱ ሰው በራሱ አፍ መመለስ አለበት። ያልተናገረ "ምንም" እንዳለ ይቆጠራል።

"ምንም" አለ ላሴ።

"እሸታለሁ" አለ ኦስሞ።

ሄንሪካ ጻፈችው። "ዝቅተኛ አደጋ። ታርሞ?"

ታርሞ ጠረጴዛውን አየ።

"ታርሞ ማለት የፈለገው..." ብሎ ኦስሞ ጀመረ።

"ራሱ ነው የሚናገረው።"

ጠበቅን። ኦስሞ ከንፈሩን ነከሰ። ሄንሪካ ብዕሯን ባዶው ቦታ ላይ አድርጋ፣ አንድ ነገር እንዲል በዓይኗ ትለምነው ነበር። ታርሞ ተነሳ። የካፖርቱን ቁልፎች ፈታ፣ አውልቆ ወንበሩ ላይ አንጠለጠለው። ሹራቡን በራሱ ላይ አወጣ። የሸሚዙን ቁልፎች ከላይ ጀምሮ መፍታት ያዘ። ላሴ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። ታርሞ ደረቱ እስኪታይ ፈታና ቆመ፤ ነጩ ፀጉሩ በብርዱ ቆሟል።

"እኔ ዝም እላለሁ" አለ።

"ስለ ምን?" አለች ሄንሪካ በቀስታ።

"ስለ ሁሉም።"

እያነበበች ጻፈች፤ "ኦፕሬተሩ ያየውን ብልሽት አይናገርም። የመከሰት ዕድል፣ እርግጠኛ።" ከዚያ ላሴን ቀና ብላ አየችው። "የጉዳቱን መጠን ምን ልበል?"

ታርሞ የጠቀሰው ቫልቭ ለፍተሻ የተከፈተው በዚያው ሳምንት ነበር፤ የመዞሪያ ጥርሱ ግማሹ አልቆ ተገኝቷል። ላሴ ይህን ያውቃል። የካፖርቱን ኮሌታ ወደ ጆሮው ሳበ፣ ሳጥኖቹን አየ፣ ባለ ረጅም ጠረጴዛውን የስብሰባ ክፍሉን ዙሪያ ገባውን አየ።

"ከፍተኛ በይ" አለ። "ሳጥኖቹ እዚሁ ይቆዩ።"

አሁን ሳውናው በደህንነት ሥርዓቱ ውስጥ በስሙ ገብቷል፤ በየዓመቱ ተቆጣጣሪ መጥቶ ልብሱን አውልቆ ይፈትሸዋል። ውሃ መጨለፊያው ላይ ሳይቀር ቢጫ መለያ ተንጠልጥሏል። ዳይሬክተሩ ስብሰባውን ምግብ ቤት ያደርጋል፤ እዚያ ስለሚሞቀው ንግግሩ ይበልጥ ረዝሟል።

በዚያ የስብሰባ ቀን ታርሞ ሸሚዙን ቆልፎ፣ ማንንም ሳያናግር አራተኛ ፎቅ ወጣ። ኦስሞ ተከትሎት ገባና ሁለቱም ልብሳቸውን አውልቀው እርከኑ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ።

"ሱሪህን ሳታወልቅ አወራህ" አለው ኦስሞ። "አሞሃል እንዴ?"

ታርሞ ድንጋዩ ላይ ውሃ ደፋ። እንፋሎቱ እስኪወርድ ጠበቀ።

"ሰዎቹ እዚያ ክፍል ውስጥ እንዴት ነው የሚያወሩት?" አለ። "ይበርዳል እኮ።"